«ትሄዳለች ብለሽ ጻፊ!»

እስቲ እንመካከር

ይድረስ ለእስቲ እንመካከር ዓምድ አዘጋጅ፤

ችግሬን የማማክረው ሰው ስላጣሁ ነው የጻፍኩላችሁ።

የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። ዕድሜዬ 23 ነው። ያደግሁት በሴት አያቴ እጅ ነው። የጨንቻ ሰው ናት። ወንዱ አያቴ ካረፈ በኋላ ከደጋ አውርደን እኛ ጋ አመጣናት። ትክክለኛ ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም፤ «ሰማንያ አልፏታል» ይላሉ። እንሰት ስትፍቅ፣ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ብርቱ ሴት ነበረች።

አሁን ግን ደክማለች። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ አንዴ ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ፣ አንዴ በረንዳው ላይ። ሌሊት ልብሷን የምታረጥብበት ጊዜም አለ። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ «ለማንም እንዳትናገሪ» ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት ደህና ናት፤ በእጇ ትበላለች፣ ትጫወታለች። አመሻሽ ላይ ግን ትደናገራለች፤ አንዳንዴ በእናቴ ስም ትጠራኛለች። እኔ ቀን ሥራ እውላለሁ፣ ማታ እማራለሁ።

አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ያለችው አክስቴ በክፍያ የሚሠራ የአረጋውያን መጦሪያ አገኘች። ከመቀበላቸው በፊት አብሯት የሚኖር ሰው የሚሞላው ፎርም ላኩልኝ። ራሷን ችላ ትሄዳለች ወይ? ትወድቃለች ወይ? ሽንቷን ትቆጣጠራለች ወይ? ታስታውሳለች ወይ? ይላል። አክስቴ ደውላ ምን አለችኝ? «ትሄዳለች ብለሽ ጻፊ! አትወድቅም በዪ። ሁሉን በራሷ ትችላለች በዪ። አለዚያ ክፍያው ይጨምራል፣ ላይቀበሏትም ይችላሉ!» አክስቴ አያቴን የምታያት በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ስትመጣ ነው። ያን ዕለት አያቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ እንግዳ ተቀብላ፣ ስትስቅ ነው የምትውለው።

ሲቀላ ያለው አጎቴ ደግሞ «ምን ያከራክራችኋል? የአልጋ ቁራኛ ናት ብለሽ ሙዪው፤ አዝነው ቶሎ ይወስዷታል» ይለኛል።

ፎርሙን ይዤ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ብዋሽ ኅሊናዬ አይቀበለውም። እውነቱን ብጽፍና ባይቀበሏት ደግሞ አክስቴ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ትለኛለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራ የገባት፣ ከአርባ ምንጭ

(ደብዳቤው ለዓምዱ እንዲስማማ አጥሯል።)

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤

መጀመሪያ አንድ ነገር እንበልሽ። በ23 ዓመትሽ ቀን እየሠራሽ፣ ማታ እየተማርሽ፣ ሌሊት ደግሞ አያትሽን እያነሳሽ ነው። «ደከመኝ» የሚል ቃል በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልገን አጣን። ሊደክምሽ ይገባል! ስለዚህ አያትሽን ወደ መጦሪያ ለመውሰድ መታሰቡ አያሳፍርሽ። ጎረቤት «አያታቸውን ጣሉ» ቢልም፣ ያ ጎረቤት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አይነሳላቸውም።

ወደ ፎርሙ እንምጣ። አክስትሽም አጎትሽም ክፉ ሰዎች አይመስሉንም። አንዷ ስለ ገንዘቡ ተጨንቃለች፣ ሌላው እንዲፈጠን ፈልጓል። ሁለቱም ግን ያቺ ወረቀት ከገቡ በኋላ የምትጣል ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም። አያትሽ የትኛው ክፍል እንደሚተኙ፣ ሌሊት ማን እንደሚነሳላቸው፣ ማን እንደሚያጎርሳቸው ወይም እንደማያጎርሳቸው የሚወሰነው በእሷ ነው። እዚያ ያሉት ሠራተኞች አያትሽን አያውቋቸውም። የሚያውቁት አንቺ የጻፍሽውን ነው።

እስቲ የአክስትሽን ቃል ጻፍሽ እንበል። «ትሄዳለች፣ አትወድቅም።» በጣም ጥሩ! ራሳቸውን ከሚችሉት ጋር አልጋ ይሰጣቸዋል። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ይሆናል። ሌሊት ማንም አይጠብቃቸውም፤ «ራሷን ትችላለች» ተብሎ ተጽፏላ! በማያውቁት ቤት፣ በጨለማ፣ ብቻቸውን ይነሳሉ። በሦስተኛው መውደቅ የዳሌ አጥንታቸው ቢሰበርስ? በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ብዙዎችን ዳግም ከአልጋ አያስነሳም፤ የሚሞቱበትም ጥቂት አይደሉም።

አሁን ደግሞ የአጎትሽን ጻፊ። «የአልጋ ቁራኛ ናት።» ዳይፐር ይታሰርላቸዋል፣ አልጋ ላይ ይደረጋሉ፣ ምግቡ በሌላ ሰው እጅ ይመጣላቸዋል። ዛሬ በእጃቸው የሚበሉት ሴትዮ! ማንም ደግፎ አያስነሳቸውም፤ መነሳት እንደሚችሉ አልተነገረውማ። ጤነኛ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ በተሠራና በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሰዎቹ ከእግራቸው ጡንቻ አንድ ኪሎ ያህል አጥተዋል። በ10 ቀን! የአጎትሽ ውሸት ብዙም ሳይቆይ እውነት ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ጣጣ የእናንተ ቤተሰብ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካን የሚያህል አገርም አልቻለውም። እዚያ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ሁሉ የእያንዳንዱን ነዋሪ ጤንነት በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግብ ያስገድዳል። ነዋሪው በገባ በ14 ቀን ውስጥ ይሞላል፤ ከዚያ ቢያንስ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ ያለፉትን ሰባት ቀናት የሚመለከቱ ናቸው። በዋሽንግተንና በሜሪላንድ አካባቢ ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን አሉ፤ ዘመድ ካለሽ ጠይቂ፣ ስለዚህ ቅጽ ያጫውቱሻል።

ታዲያ ቅጹን የሚሞላው ራሱ ድርጅቱ ነው። በቅጹ መሠረት ክፍያ ይሰላል፤ ሕዝብ የሚያየው የድርጅቱ የኮከብ ደረጃም ከፊሉ ከእሱ ይወጣል። ይህ ሲሆን ምን ይከተላል? የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ወድቀው ክፉኛ በመጎዳት ሆስፒታል የገቡ የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን መዝገብ አገላበጡ። ከ150 ሺህ በላይ እንዲህ ያለ መውደቅ አገኙ። ድርጅቶቹ በቅጹ ላይ የመዘገቡት ግን 57.5 በመቶውን ብቻ ነው። ሌላው የት ገባ? ሆስፒታሉ ያውቀዋል፣ ቅጹ ግን አያውቀውም። አየሽ፣ ገንዘብና ስም ያለበት ወረቀት ላይ መውደቅ ቶሎ ይጠፋል። አክስትሽ ብቻ አይደለችም ማለታችን ነው።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? ፎርሙን ለጊዜው አስቀምጪውና አንድ ደብተር ግዢ። ለሰባት ቀን፣ ጠዋት፣ ማታና ሌሊት የሆነውን በዚያው ሰዓት መዝግቢ። በልብ የያዝሽው ይምታታል፤ ጥሩው ቀን መጥፎውን ይሸፍነዋል። የመስቀል ዕለት ያየ ሰው የሐምሌን ሌሊት አያውቅም።

ምን ልመዝግብ ካልሽ፣ ሲድኒ ካትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ስድስት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ተነስቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ በእጅ መብላት። ለእያንዳንዱ «በራሳቸው»፣ «ሰው ደግፏቸው» ወይም «ሰው አድርጎላቸው» እያልሽ ጻፊ። «አንዳንዴ» ካልሽ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጨምሪ። «በሰባት ሌሊት ሁለቱን አረጠቡ» የሚለው፣ «ትቆጣጠራለች» ከሚለውም «አትቆጣጠርም» ከሚለውም ይበልጣል።

ልብ የምትያቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ።

መውደቅ። መቼ፣ የት፣ ምን ሲያደርጉ እንደወደቁ ጻፊ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራቸዋል ወይ? የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ? የደም ግፊት ኪኒንና አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶች አረጋውያንን ይጥላሉ። ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም እንዲለካ ጠይቂ። ቆመው ሲለካ ወርዶ ከተገኘ የመውደቃቸው ምክንያት አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ሽንት። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ ብዙ ነገር አለ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የስኳር በሽታ፣ ማታ የሚዋጥ የሚያሸና ኪኒን፣ ሁሉም ሌሊት ያስረጥባሉ፤ ሁሉም መፍትሔ አላቸው። አያትሽ አልጋቸው አጠገብ ፖፖ ቢኖርላቸው እንኳ ያ የሌሊት ጉዞ ይቀርላቸው ነበር።

መደናገር። ይሄን በጥንቃቄ እዪው። ከዓመት ዓመት ቀስ እያለ የመጣ መርሳት አንድ ነገር ነው፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መደናገር ሌላ ነገር ነው። ድንገተኛው የሕመም ምልክት ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው። አረጋውያን ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፤ መደናገሩ ብቻ ይታያል። በዚያ ላይ አርባ ምንጭ ቆላ ነው፣ ወባ አለ። ዕድሜያቸውን በጨንቻ ደጋ ላሳለፉ ሰው ደግሞ ወባ ይከፋል፤ ሰውነታቸው አልለመደውም። «አርጅታ ነው የምትቀባጥረው» ከማለት በፊት ደም ይመርመር።

ጆሮና ዓይን። የማይሰማ ሰው ለሁሉም ነገር «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ከዚያ «አእምሮዋን ስታለች» ይባላል። ጆሯቸው በኩክ ተደፍኖስ ቢሆን? ዓይናቸው ላይ ሞራ ካለ፣ አመሻሽ ላይ ከሰው ሰው መለየት ቢያቅታቸው ምን ይገርማል? ሁለቱንም አስመርምሪ።

ቆዳ። ብዙ የሚተኙ ከሆነ ተረከዛቸውንና የወገባቸውን መጨረሻ በየቀኑ እዪ፣ ዳብሺም። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ የሚሞቅ፣ የጠነከረ ወይም የሚያም ቦታ ካለ ቁስል እየመጣ ነው።

ክብደት። ሚዛን ካገኘሽ ዛሬ ለኪያቸውና በወሩ ድገሚ። በአንድ ወር ከመቶ አምስት እጅ የቀነሰ ክብደት ሐኪም ሊያየው የሚገባ ነው። ሚዛን ከሌለ ቀሚሱና መቀነቱ ይነግርሻል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። አያትሽን ማን ጠየቃቸው? በደብዳቤሽ ውስጥ አክስትሽ ተናግራለች፣ አጎትሽ ተናግሯል፣ አንቺ ተናግረሻል። እርሳቸው የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለማንም እንዳትናገሪ»።

ይህ ደግሞ በየትም ሳይሆን በጋሞ ምድር መሆኑ! በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ የተቆጡ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው እንደመለሷቸው አገር አይቷል። የሽማግሌ ቃል ያን ያህል የሚከበርበት አገር ነው። እዚያው አገር ግን ሽማግሌው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚመልሰው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ነው። «ምን ያምሃል?» ሲባል «ደህና ነው፣ ትንሽ ወገቡን ብቻ ነው» ብሎ የሚመልስ ሌላ ሰው!

ስለዚህ ረጋ ባለ ሰዓት፣ ጠዋት ላይ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ጠይቂያቸው። በጋሞኛ ይሁን። አማርኛ ቢሰሙም ሕመምንና ኀፍረትን የሚናገሩት በአፍ መፍቻቸው ነው። «ሌሊት ሲነሱ ይፈራሉ ወይ? የት ያምዎታል? እዚህ መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ አክስቴ ያሰበችው ቦታ መሄድ?» በያቸው። ስለ ሽንቱም ምስጢራቸውን ከመጻፍሽ በፊት አስፈቅጃቸው። «እዚያ ያሉት ካላወቁ እርጥብ ልብስ ላይ አሳድረዎት ይነጋል፤ ለሐኪሟና ለምታጥብዎት ሴት ብቻ ልናገር» ካልሻቸው እሺ የሚሉ ይመስለናል።

ማስታወሳቸውን ለመፈተን ደግሞ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ፕሬዚዳንቱ ማን ነው?» አትበያቸው። ትምህርት ቤት ያልሄደ ሰው እንዲህ ያለውን ፈተና ቢወድቅ አእምሮው ታሟል ማለት አይደለም። በሌላው ዓለም በብዛት የሚሠራባቸው የማስታወስ ፈተናዎችም ያልተማረውን ሰው ያለ አግባብ ዝቅ እንደሚያደርጉ የታወቀ ነው። የልጆቻቸውን ስም በተራ፣ የገበያውን ቀን፣ እንሰት ከተፋቀ በኋላ ምን እንደሚደረግ ጠይቂያቸው። በውሉ ከመለሱ ያንን ጻፊ። ካልቻሉም ያንኑ ጻፊ።

ደብተርሽን ይዘሽ ወደ ቀበሌሽ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሂጂ፤ ቤት ድረስ መጥታ ማየት ሥራዋ ነው። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ጠቅላላ ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ሲያያቸው ደብተሩን አቅርቢለት። ከፎርሙ ጋር የሐኪም ወረቀት ሲያያዝ አክስትሽም «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ለማለት አትችልም።

መጦሪያውንም ጠይቂው እንጂ! ስትገቡ እናንተ ራሳችሁ እንደገና ትመረምራላችሁ ወይ? በየስንት ጊዜው? ሌሊት ለስንት ሰው ስንት ሠራተኛ ያድራል? ሰው ሲወድቅ የት ይመዘገባል፣ ለቤተሰብስ ይነገራል ወይ? ጋሞኛ የሚችል ሰው አለ ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተቆጣ ቤት ካለ አያትሽን አትስጪው። እውነቱን አይቶ «አንችላትም» የሚልሽ ቤት ግን አልበደለሽም፤ ከገቡ በኋላ ከሚታወቅ አስቀድሞ መታወቁ ይሻላል። አዲስ አበባ ያለው መቄዶንያ የሚያነሳው ጧሪ ቀባሪ የሌላቸውንና ጎዳና ላይ የወደቁትን ነው፤ ስለዚህ «እሱ ይቀራል ወይ?» የሚል ዘመድ ቢመጣ፣ አያትሽ ልጆች እንዳሏቸው አስታውሺው።

ለአክስትሽ እንዲህ በያት፤ «አክስቴ፣ ስለ ክፍያው ልክ ነሽ፣ ይወደዳል። ግን በርካሹ ገብታ ዳሌዋ ቢሰበር የኦፕሬሽኑን ማን ይከፍላል? ልዩነቱን አንቺ፣ አጎቴና እኔ ብንካፈል ስንት ስንት ይደርሰናል?» ለአጎትሽም ያንኑ። በጋሞ ወግ ከባድ ጉዳይ በዱቡሻ፣ በአደባባይ፣ ሁሉም እየሰማ ይነገራል፤ እዚያ መዋሸት ነውር ነው። እናንተም በስልክ አንድ በአንድ ከመወራረፍ ሦስታችሁ አንድ ላይ ተነጋገሩ፤ አያትሽም መሐል ተቀምጠው ይስሙ። ድምር ሲሠራ ምናልባት ሌላ መንገድ ይወጣ ይሆናል። ለመጦሪያው የሚከፈለው ገንዘብ እዚያው ሴቻ ቀን ቀን የምትውልላቸው፣ ሌሊትም የምታግዝሽ ሴት ይቀጥር እንደሆነ አስባችኋል?

በመጨረሻ፣ ማምሻውን በእናትሽ ስም ሲጠሩሽ አትከራከሪያቸው። «አቤት» በይና መብራት አብሪ።

የሰባቱን ቀን ደብተር ጨርሺና ቤተሰቡ ምን ላይ እንደደረሰ ጻፊልን። ይህን የምታነቡ ሌሎች ወጣቶችም ወላጅ ወይም አያት ቤታችሁ ካለ፣ ከነገ ጠዋት ጀምራችሁ ብትመዘግቡ አትከስሩም።

በርቺ!

የዓምዱ አዘጋጅ